ጥያቄን ታቅፎ መተኛት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ኢራቅ በምንለው ምድር፣ ላጋሽ የተባለችውን የሱመር ግዛት ጉዴአ የተባለ ገዢ ያስተዳድር ነበር። አንድ ሌሊት በህልሙ ቁመቱ ሰማይና ምድርን የሚያህል ሰው አየ። ሰውየው እንደ ወፍ ክንፍ አለው፤ ከወገቡ በታች እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፤ በግራና በቀኙ አንበሶች ተኝተዋል። ቤት ሥራልኝ አለው። ጉዴአ ግን ነገሩ አልገባውም። ቀጥሎ አንዲት ሴት ከዋክብት የተቀረጹበትን ሰሌዳ ጭኗ ላይ አኑራ ስታሰላስል፣ አንድ ጀግና ደግሞ በሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ላይ የቤት ንድፍ ሲሥል ተመለከተ። የጡብ ቅርጽ ማውጫ ከፊቱ ተቀምጧል። አንድ አህያም መሬቱን በኮቴው ይጭራል።

ጉዴአ ሲነቃ ህልሙን ራሱ ለመፍታት አልደፈረም። በጀልባ ተሳፍሮ፣ በመንገዱ ባሉ መቅደሶች እየጸለየ፣ የአማልክት ህልም ፈቺ ወደምትባለው ወደ ናንሼ ሄደ። እርሷም አንድ በአንድ ፈታችለት። ግዙፉ ሰው ኒንጊርሱ የተባለው አምላክ ነው። ሴቲቱ የጽሕፈት አምላክ ኒሳባ ናት፤ ስለ ቤቱ የሚናገሩትን ከዋክብት ልትጠቁምህ መጥታለች። ንድፉን የሚሥለው ኒንዱብ ነው። መሬቱን የሚጭረው አህያስ? አንተ ነህ አለችው፤ ሥራውን ለመጀመር ቸኩለሃልና። ጉዴአ በዚህም አልረካም። ሠረገላ አሠርቶ ለኒንጊርሱ ገጸ በረከት አቀረበ፤ ጥርት ያለ ምልክት ለምኖም ዳግመኛ ተኛ። ሁለተኛው ህልም መጣለት። ከእንቅልፉ ተነሥቶ ደግሞ የነጭ ጠቦት ጉበት አስመረመረ። ሥራው የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን የምናውቀው ጉዴአ ራሱ በሁለት ትልልቅ የሸክላ ሲሊንደሮች ላይ ስላስጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ፈረንሳውያን ቆፋሪዎች ቴሎ ከተባለው ጉብታ አወጧቸው፤ አሁን በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ። እኔን የሚገርመኝ የህልሙ ግዝፈት ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ሰውየው ያየውን ለሚያውቅ ነገረ፣ ጥያቄ ይዞ እንደገና ተኛ፣ ሲነቃም ያገኘውን በሌላ መንገድ ፈተነ። ከዚያ ወዲህ ያለፉት አራት ሺህ ዓመታት በአብዛኛው ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱን ሲያጠብቁ ሌላውን ሲጥሉ የኖሩ ናቸው።

በዚያው ምድር ይነገር የነበረው አካድኛ፣ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር በሴማዊነት የሚዛመደው ቋንቋ፣ ህልም መተርጎምን የሚጠራበት ግስ “ፓሻሩ” ነው። ቃሉ የታሰረን ነገር መፍታትም ማለት ነው። እኛም ህልምን እንፈታዋለን እንጂ እንተነትነዋለን አንልም። ቋጠሮ አለ፤ ለቋጠሮው ጣት ያስፈልጋል።

በግብፅ ቋጠሮው በመጽሐፍ ተፈታ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ ፓፒረስ፣ የነገሥታትን መቃብር የሚፈለፍሉ ሠራተኞች ይኖሩባት በነበረችው በዛሬዋ ደይር ኤል መዲና ቀንሄርኸፕሸፍ በተባለ ጸሐፊ እጅ ነበረ። አሁን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። አጻጻፉ የመዝገብ ነው፤ ሰው በህልሙ ይህን ቢያይ፣ ደግ ወይም ክፉ፣ ምክንያቱም እንዲህ ማለት ስለሆነ። በመስኮት አሻግሮ ማየት ደግ ነው፤ ጩኸቱን አምላኩ ይሰማዋል። ወደ ጥልቅ ጉድጓድ መመልከት ክፉ ነው፤ እስር ቤት ይገባል። ፊትን በመስተዋት ማየት ክፉ ነው፤ ሌላ ሚስት ትመጣለች። ክፉ የሚለው ቃል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ብዙዎቹ ፍቺዎች የቆሙት በቃላት ድምፅ መመሳሰል ላይ ነው፤ የእኛ ባለቅኔዎች ኅብር እንደሚሉት ያለ አንዱን ቃል ለሁለት ነገር የማዋል ጥበብ። መጽሐፉ ክፉ ህልም ያየውን ሰውም አይተወውም። እንጀራውን በለጋ ቅጠላ ቅጠል፣ በጠላና በከርቤ አርሶ ፊቱን እንዲያብስበትና ወደ ኢሲስ እንዲጸልይ ያዝዘዋል። ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ልቡ የሚያርፍበትን ነገር መስጠት ነው፤ ርኅራኄ አለበት።

የነገሥታት ህልም ግን ምንጊዜም ለነገሥታት ያደላል። ቱትሞስ 4ኛ በ1400 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስፊንክሱ መዳፎች መካከል ያቆመው ድንጋይ፣ ልዑል ሳለ በስፊንክሱ ጥላ በቀትር አንቀላፍቶ እንደነበር ይናገራል። ስፊንክሱ አሸዋውን ከላዬ ጥረግልኝ፣ እኔም አነግሥሃለሁ ብሎታል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ664 ዓመት ገደማ፣ በዓባይ ወንዝ ላይ ጎረቤታችን የነበረችው የኩሽ ንጉሥ ታንወታማኒ በግራና በቀኙ ሁለት እባቦች አየ። ደቡቡ ያንተ ነው፣ ሰሜኑንም ያዘው ተብሎ ተፈታለትና ወደ ሰሜን ዘምቶ ሜምፊስን ያዘ። ህልሙን ያስጻፈበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1862 በጀበል ባርካል ተገኝቷል። ድንጋዩ የማይናገረው ግን ብዙ ሳይቆይ የአሦር ጦር መጥቶ ቴብስን እንደዘረፈና ታንወታማኒም ወደ ደቡብ እንደተመለሰ ነው። ዮሴፍና ዳንኤልስ? የእነርሱን ታሪክ አንባቢዬ ከእኔ ይልቅ ከእናቱ አፍ ሰምቶታልና አልደግመውም።

በግሪክ ህልሙ ከቤተ መንግሥት ወርዶ ተራው ሕዝብ ዘንድ ገባ። በኤፒዳውሮስ የፈዋሹ አምላክ የአስክሌፒዮስ መቅደስ ነበር። በሽተኛው ከሩቅ አገር ተጉዞ ይመጣል፤ ታጥቦ ይነጻል፤ መሥዋዕት ያቀርባል፤ ሲመሽ “አባቶን” በተባለው አዳራሽ ይተኛል። አምላኩ በህልም መጥቶ ይዳስሰዋል፣ ወይም ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የፈውሱ ታሪክ በድንጋይ ተቀርጾ በግቢው ቆመ። እስከ ዛሬ 70 ያህል ታሪኮች ይነበባሉ።

ከእነዚያ መካከል አንዱን እወደዋለሁ። አምብሮሲያ የምትባል አንድ ዓይኗ የታወረ ሴት ከአቴና መጣች። በግቢው ስትዘዋወር በድንጋዩ የተጻፈውን እያየች ሳቀች፤ አንካሳና ዕውር ህልም በማየት ብቻ እንዴት ይድናል ብላ። ሌሊት ተኝታ ሳለች አምላኩ ከአጠገቧ ቆመ። አድንሻለሁ አላት፣ ግን ላለማወቅሽ መታሰቢያ የብር አሳማ ለመቅደሱ ትሰጫለሽ። ከዚያ የታመመውን ዓይን ሰንጥቆ መድኃኒት አፈሰሰበት። ሲነጋ ድና ወጣች። የመቅደሱ ካህናት ይህን ጽሑፍ አዲስ የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ አቆሙት። ሰው ገና ሳይተኛ ልቡ ለህልሙ ይዘጋጃል፤ የሚያየውን ህልም ቀን ሲያነብ ውሏል። ይህን ሳነብ ሱባኤ የገባ፣ ከጸበል ቦታ ሰነባብቶ ምልክት የሚጠብቅ ያገሬ ሰው ትዝ ይለኛል። እምነቱ ሌላ ነው፣ የሚጠራው ስምም ሌላ ነው። ጾሙ፣ ከቤት መራቁ፣ ሌላ ነገር ሁሉ ትቶ አንዲት ጥያቄ ይዞ መተኛቱ ግን ያው ነው።

በዚያው ዘመን አርስጣጣሊስ ስለ እንቅልፍ የጻፈው አጭር ድርሰት ሌላ በር ከፈተ። አማልክት ህልም የሚልኩ ቢሆን ለጥበበኞች በላኩ ነበር፤ ህልም ግን ለማንም ይመጣል አለ። ሆኖም አልናቀውም። የተኛ ሰው ጆሮ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ነጎድጓድ ትመስለዋለች፤ ስለዚህ ቀን የማይሰማ የበሽታ ጅማሬ ሌሊት በህልም ሊታይ ይችላል ብሎ አሰበ። ተማሪው እስክንድር ግን የነገሥታቱን መንገድ አልተወም። በ332 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጢሮስን ከብቦ ወራት ሲያልፉበት ሳቲሮስ የተባለው የግሪኮች የዱር ፍጡር በህልሙ ሲጨፍር አየ። ፈቺው አሪስታንድሮስ ቃሉን ለሁለት ከፈለው፤ “ሳ ጢሮስ”፣ በግሪክኛ ጢሮስ ያንተ ናት ማለት ነው። ኅብሩ ደስ ይላል። ጦሩም በረታ፤ ከተማይቱም ተያዘች።

ይህን ታሪክ ካቆዩልን አንዱ በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የኖረው አርጤሚዶሮስ ነው። አምስት ክፍል ያለው የህልም መጽሐፍ ጻፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለልጁ። የተማሩ ሰዎች የሚንቋቸውን የገበያ ህልም ፈቺዎች እየፈለገ፣ ህልሙን ብቻ ሳይሆን በኋላ የሆነውንም እየጠየቀ መዘገበ። ከግብፁ መጽሐፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ማን ነው? ሀብታም ነው ድሃ፣ ባሪያ ነው ጨዋ፣ ያገባ ነው ያላገባ፣ ሥራው ምንድን ነው? ይህ ሳይታወቅ ህልሙ አይፈታም ይላል። አንዱ ህልም ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው መርዶ ነው።

የባቢሎን አይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ያቆዩት ታሪክ ከዚህም ይራመዳል። በኢየሩሳሌም 24 ህልም ፈቺዎች ነበሩ። አንድ መምህር ያየውን አንድ ህልም ይዞ ሁሉንም ዞረ። ሃያ አራቱም የተለያየ ፍቺ ሰጡት፤ ሃያ አራቱም ደረሱ። የእኛ ሰው “ህልም እንደ ፈቺው” የሚለው ይህን ነው። እናቶቻችን ህልም ሊነገራቸው ሲል ገና ሳይሰሙ “መልካም ይሁን” የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ አፍ የሚወረውረው ቃል ህልሙን ወዴት እንደሚወስደው ያውቃሉ።

በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ሁነይን ኢብን ኢስሓቅ የአርጤሚዶሮስን መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ መለሰው። በ728 ባረፈው በባስራው ኢብን ሲሪን ስም የሚጠራው የእስልምና የህልም ፍቺ ባህልም ከዚህ ጋር ተገናኝቶ ሰፋ፤ ዛሬም በሰፊው ይነበባል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ላስታ መውጣት አለብኝ። ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈው ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው፣ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሙት ተጋደመ። በዚያም መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው ከዐለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። ሲመለስም ያየውን በምድር ሠራ። ጉዴአ የቤቱን ንድፍ በሰማያዊ ሰሌዳ ካየ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ አልፏል። አንዱ ከሌላው ሰማ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ዐይን በተከደነበት ሰዓት የሕንፃን ንድፍ መቀበል፣ ነቅቶም መዶሻ ማንሣት፣ ሰው ታላቅ ሥራን ከራሱ በላይ ካለ ኃይል የተሰጠው አደራ አድርጎ የሚይዝበት መንገድ ነው። በሮሐ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ያሉት ድንጋዮች እስካሁን ቆመዋል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1619 ሌሊት፣ በደቡብ ጀርመን አንድ የ23 ዓመት ወታደር ሦስት ህልም አየ። ሬኔ ዴካርት ይባላል። በምድጃ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ዕውቀትን ሁሉ ከመሠረቱ ስለማደስ ሲያስብ ነበር የሰነበተው። በመጀመሪያው ህልም ዐውሎ ነፋስ አዋከበው፤ በሁለተኛው ነጎድጓድ ሰማ፤ በሦስተኛው መዝገበ ቃላትና የግጥም መድበል ከፊቱ ተገኙ። የሚገርመው ገና ሳይነቃ፣ ህልም መሆኑን እያወቀ፣ መፍታት መጀመሩ ነው። ዘመናዊውን የአመክንዮ ፍልስፍና ከመሠረቱት አንዱ የሕይወቱን አቅጣጫ ያረጋገጠው በህልም ነበር። ስለዚህም ወደ ሎሬቶ፣ ወደ እመቤታችን መቅደስ፣ ሊሳለም ተሳለ።

በ1890 በበርሊን በተደረገለት ክብረ በዓል ላይ ኬሚስቱ ኦገስት ኬኩሌ ለእንግዶቹ አንድ ነገር ነገራቸው። በ1865 ያሳተመው የቤንዜን ሞለኪውል የቀለበት ቅርጽ የመጣለት እሳት ዳር ሲያንቀላፋ፣ እባብ የገዛ ጅራቱን ነክሶ ሲሽከረከር አይቶ እንደሆነ። ከ25 ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ስለሆነ ብዙዎች ተከራክረውበታል። እኔ የምይዝለት አስከትሎ የሰጠውን ምክር ነው፤ ማለም እንማር፣ ነገር ግን ያለምነውን የነቃ አእምሮ ሳይፈትነው አናሳትም። የጉዴአ ጠቦት ተመልሳ መጣች።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 23 ወደ 24 ቀን 1895 በሚያነጋው ሌሊት፣ በቪየና አጠገብ፣ በደንብ ስላልዳነች አንዲት ታካሚው አለመ። በህልሙ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ባልጸዳ መርፌ የወጋት የሌላ ሐኪም ሆነ። ጠዋት ቁጭ ብሎ ህልሙን ቁራጭ በቁራጭ መረመረና፣ ከወቀሳ ለመዳን የነበረውን ምኞት አገኘበት። መጽሐፉ በ1899 ማብቂያ ታተመ፣ 1900 የሚል ዓመት ተጽፎበት። 600 ቅጂ ነበር፤ እሱን ለመሸጥ ስምንት ዓመት ፈጀ። ህልም ሁሉ ምኞት ነው ማለቱን ዛሬ ብዙዎች አይቀበሉትም። አንድ ነገር ግን ገልብጧል፤ ፈቺው ስለ ህልሙ የመጣልህን ሁሉ ተናገር ብሎ ለህልመኛው ቦታውን ለቀቀ። ቋጠሮውን የሚፈታው ጣት የህልመኛው የራሱ ሆነ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ታሪክ መጣ። ኦቶ ሌዊ በኦስትሪያ ግራዝ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥናት ፕሮፌሰር ነበር። በዚያ ዘመን ነርቭ ለልብ መልእክት የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በኬሚካል የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ሌዊ በ1903 ኬሚካል ሳይሆን አይቀርም ብሎ አስቦ፣ የሚያረጋግጥበት መንገድ አጥቶ ትቶታል። እርሱ ራሱ እንዳስታወሰው በ1920 የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ነቃ፤ መብራት አብርቶ በብጣሽ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ጠዋት እጅግ ትልቅ ነገር እንደጻፈ ያውቃል፤ ጽሑፉን ግን ማንበብ አልቻለም። ቀኑን ሙሉ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ዋለ። በሚቀጥለው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። ይህን ጊዜ ወረቀት አላመነም፤ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

ሙከራው ሁለት የእንቁራሪት ልብ ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ሁለቱም በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ይመታሉ። የመጀመሪያው ልብ ላይ ምቱን የሚያዘገየውን ነርቭ ሲያነቃ፣ ልቡ ዘገየ። ከዚያ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ በሌለው በሁለተኛው ልብ ላይ አፈሰሰ። እርሱም ዘገየ። መልእክቱ በፈሳሹ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ቁሱ በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ፤ ሌዊም በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሌዊ ቆየት ብሎ ሲጽፍ፣ ሐሳቡን ቀን በጥሞና መርምሬው ቢሆን ያለ ጥርጥር እጥለው ነበር አለ። ቀን የሚጥለውን ሌሊት አቆየለት፤ ሌሊት ያቆየለትን ደግሞ በእንቁራሪት ልብ ፈተነው። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳዊ ነህ ብለው አሰሩት፤ የሽልማት ገንዘቡን አስፈርመው ተቀብለው ነው ከአገር የለቀቁት።

ሳይንስ የተኛን ሰው ዓይን በቅጡ የተመለከተው ከዚህ ሁሉ በኋላ መሆኑ ይደንቃል። በ1951 ማብቂያ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አዘሪንስኪ የተባለ ተማሪ፣ የስምንት ዓመት ልጁን አርሞንድን አስተኝቶ ዓይኖቹ አጠገብ ኤሌክትሮዶች ለጠፈ። ልጁ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ሳለ የመሣሪያው ብዕሮች መወዛወዝ ጀመሩ። አባት ነቅቷል ብሎ ገባ፤ ልጁ ግን ተኝቷል። ከተከደነው ቆብ በታች ዓይኖቹ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። አዘሪንስኪና መምህሩ ናታንየል ክላይትማን በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዓይን በሚሯሯጥበት ሰዓት ሰዎችን 27 ጊዜ ቀስቅሰው በ20ው ጥርት ያለ ህልም ሰሙ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል። ህልም ሰዓት አለው ማለት ነው።

የጉዴአን ሥርዓት በቀጥታ ወደ ጥናት ያመጣችው በሃርቫርድ የምትሠራው ዲርድሬ ባሬት ናት። በ1993 ባሳተመችው ጥናት 76 ተማሪዎች የየራሳቸውን ችግር መርጠው ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ እያሰቡት ተኙ። ግማሽ ያህሉ ከችግሩ የተያያዘ ህልም አዩ፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ ህልሙ መፍትሔ እንደያዘ ተሰማቸው።

በ2004 ደግሞ በጀርመን ሉቤክ ኡልሪሽ ቫግነር፣ ያን ቦርንና ባልደረቦቻቸው ለሰዎች አሰልቺ የቁጥር ሥራ ሰጡ። ሥራው ውስጥ ነገሩን በአንዴ የሚያሳጥር ሕግ ተደብቋል፤ ስለ ሕጉ ግን ማንም አልነገራቸውም። ጥቂት ተለማምደው ስምንት ሰዓት ከተኙት 59 በመቶው ሕጉን ደረሱበት። ያን ያህል ሰዓት ነቅተው ከቆዩት 23 በመቶ ብቻ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ይህን ውጤት አላገኙም፤ ክርክሩ አላለቀም። ቢሆንም “እስቲ ነገሩ ይደርበት” የሚሉ የአገራችን ሽማግሌዎች ምን ያዩ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል።

ከዚያ እርምጃው ፈጠነ። በ2019 በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ማታ መፍታት ያቃታቸውን እያንዳንዱን እንቆቅልሽ ከአንድ ድምፅ ጋር አያያዙ፤ ሌሊት በእንቅልፋቸው የአንዳንዶቹን ድምፅ ቀስ አድርገው አሰሟቸው። ጠዋት ድምፃቸው ከተሰማው እንቆቅልሾች 32 በመቶ ያህሉ ተፈቱ፤ ካልተሰማው 21 በመቶ ያህሉ። በ2021 በፓሪስ ዴልፊን ኡዲየትና ባልደረቦቿ 103 ሰዎችን በጨለማ ክፍል ለ20 ደቂቃ ዕቃ አስይዘው አሳረፉ። ፈልሳፊው ኤዲሰን እንዲህ ያደርግ ነበር ይባላል፤ ሲያንቀላፋ ከእጁ የሚወድቀው ነገር እንዲቀሰቅሰው። ለ15 ሰከንድ እንኳ ወደ እንቅልፍ ደጃፍ ከገቡት 83 በመቶው እንደ ሉቤኩ ባለ የቁጥር ሥራ ውስጥ የተደበቀውን ሕግ አገኙ፤ ነቅተው ከቀሩት 30 በመቶ፤ ጠልቀው ከተኙት ደግሞ 14 በመቶ ብቻ።

በዚያው በ2021 በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ ያሉ አራት ቤተ ሙከራዎች አንድ የጋራ ውጤት አሳተሙ። ህልም ላይ መሆናቸውን በህልማቸው ውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ የተመረመሩት። ከእነርሱ አንዱ፣ የ19 ዓመት አሜሪካዊ፣ ዓይኖቹ በሚሯሯጡበት እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ አጠገቡ ያለው ተመራማሪ ስምንት ሲቀነስ ስድስት ስንት ነው ብሎ ጠየቀው። የወጣቱ ዓይኖች ከተከደነው ቆብ በታች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ ሄዱ። ጥያቄው ተደገመለት። አሁንም ሁለት ጊዜ።